ሳትደብቂ ዋጪ፣ ሳትደብቂ ተዪ

ልጄ፣ «ይህን ክኒን የምውጠው እስከ መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ አንድ ሁለት ቃል ብዬ ልሸኝሽ አልፈለግሁም፤ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። እንደምታውቂው ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው፤ አብዛኛውንም በአእምሮ ሕክምና ክፍል። የልጆቼ አባት ካረፈ ወዲህ ደግሞ አንቺ የምትወስጂውን ዓይነት የድብርት መድኃኒት እኔም እወስዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በምክንያት ነው፤ ምክሬም ከዚሁ ይጀምራል።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በድብርት ላይ ያየሁት ከዚህ ይብሳል፤ በሽታውን ገልጦ መድኃኒቱን ያገኘው ሰው ተመልሶ መድኃኒቱን ይደብቃል። ክኒኑን ከባሏ ሰውራ በበርበሬ ዕቃ ሥር የምታኖር፣ በቪታሚን ጠርሙስ ገልብጦ የሚውጥ፣ ለቀጠሮ ሲሄድ «ለጨጓራዬ ነው» ብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሚጠይቅ ስንቱን አየሁ! አልፈርድባቸውም። «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ ነበር» የሚለው ወሬ ትዳር ሲያፈርስ፣ ሥራ ሲያስከለክል ያየ ሰው ቢደብቅ አይገርምም። ግን የደበቀ ሰው ሲያመው አይናገርም፤ ሲያልቅበት አይጠይቅም፤ ሲሰለቸው አያማክርም። አንድ ቀን ብድግ ይልና ያቆመዋል። በረጅም ጊዜ ሕክምና ላይ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ሲጎዳ ያየሁት በዚህ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለሰው ምስጢርና ለጎረቤት ገመና እውነት ነው። የራስ ሕመም ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል። መድኃኒቱ ራሱ እኮ የተገኘው ታማሚው በሚያሳየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ላይ ባለው ሲ ቪው ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮኒያዚድ የሚባል መድኃኒት ተሰጣቸው። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት የሳንባውን ነገር ነበር፤ ሕሙማኑ ግን ፊታቸው በራ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፣ ሲስቁና ሲጨፍሩ ታዩ። ለድብርት መድኃኒት ሊኖር እንደሚችል ዓለም የገባው እንዲህ ካሉ ሰዎች ነው። ስለ ማቆሙም እንደዚሁ ነው። ለብዙ ዓመታት መመሪያዎች «ሲቆም የሚመጣው ችግር ቀላል ነው፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል» ይሉ ነበር። የሚውጡት ሰዎች ግን የእነርሱ እንዳላለፈ ደጋግመው ተናገሩ፤ አልቀበል ሲሏቸውም አላቆሙም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ አቋሙን ለውጦ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ችግሩ ሊጠነክርና ሊረዝም እንደሚችል ተቀበለ። እነዚያ ሰዎች ዝም ቢሉ ኖሮ እኔም ዛሬ ለአንቺ የምመክርሽ የድሮውን ስህተት ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የምትወስጂው ፍሉኦክሴቲን አሜሪካ ውስጥ ፕሮዛክ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ማብቂያ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት ነው፤ እኛ አገር ባለ 20 ሚሊግራም ካፕሱል ሆኖ ታውቂዋለሽ። ክፉውን አስቀድሞ ደጉን ያስከትላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውነት ያቁነጠንጣል። ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሙሉው ደግሞ እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት ይዘልቃል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው ክፉውን ብቻ ቀምሶ ደጉ ሊደርስ ሲል ነው። አንቺ ያንን አልፈሻል።

አሁን ያለሽበት ፈተና ሌላ ነው፤ ደህና መሆን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል»። ሰው ሲሻለው ያ ጨለማ እንዴት እንደነበረ ይረሳዋል፤ «ድኛለሁ፣ ለምን እውጣለሁ?» ይላል። መልሱ ይህ ነው፦ ድብርት ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ለወራት ሊያገረሽ ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ከተሻለሽ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ቀጥዪ ያለው። ቆጠራው የሚጀምረው ክኒኑን ከጀመርሽበት ቀን አይደለም፤ ከተሻለሽ ቀን ነው። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ድብርት ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት ሰው ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይመከራል።

ከዚያ በኋላስ? እንግሊዝ አገር ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የነበሩ፣ ደህና ሆነው ለማቆም ያሰቡ 478 ሰዎችን ተመራማሪዎች በሁለት ከፍለው ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ግማሾቹ ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ሳያውቁት ቀስ በቀስ ባዶ ክኒን ተተካላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ካቆሙት ከ100 ሰው 56ቱ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 39ኙ ድብርቱ ተመለሰባቸው። ይህን ቁጥር ለአንድ ወገን ብቻ እንዳታነቢው። መድኃኒቱ እንደሚጠብቅ ያሳያል። እየወሰዱም ድብርት ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል። ካቆሙት ውስጥ 44ቱ ደግሞ ዓመቱን በደህና አሳልፈዋል። «ያለ ክኒን አትኖሪም» የሚልሽንም፣ «ክኒን ምን ያደርጋል» የሚልሽንም አትስሚ፤ ሁለቱም ያላዩትን ነው የሚያወሩት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ አንዴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ፣ አንዴ ደግሞ ከቤሩት ከተመለስሽ በኋላ ወድቀሻል። ሁለት ጊዜ ነው። በእኔ ግምት ከተሻለሽ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ብትወስጂ ደግ ነው። ከዚያ ለማቆም ብትፈልጊ አላስፈራራሽም፤ መንገዱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይናገረው ልግባ። መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ከሚነግሩኝ ሁሉ አንጀቴን የሚበላው የእንባ ነገር ነው። ሐዘንን የሚያደበዝዘው መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ሌላውንም ስሜት ያደበዝዘዋል፤ ደስታውም፣ ንዴቱም፣ ናፍቆቱም ይቀዘቅዛል። በሌላ አገር ይህ የግል ጉዳይ ይሆን ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ለቅሶ አለ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» በሚባልበት አገር፣ የእናቷ አስከሬን ፊት ቆማ እንባ እምቢ ያላት ሴት ምን ትባላለች? እንዲህ የሆነች ሴት አውቃለሁ። እናቷን ያስታመመችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ነበረች። ሬሳው ሲወጣ ግን ዓይኗ ደረቀ። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው ተነሳ፤ እህቶቿ እስከ አርባው ድረስ አኮረፏት። እሷም «ምን ዓይነት አውሬ ሆኜ ነው?» እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። መድኃኒት መውሰዷን ከቤተሰቡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለሐኪሟም ስሜቷ እንደቀዘቀዘ ተናግራ አታውቅም። ከሁለት አንዱን ብትናገር ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰባት ነበር። ለሐኪሟ በነገረች ጊዜ መጠኑ ተቀነሰላት፤ ከወራት በኋላ በእናቷ ሙት ዓመት ላይ አለቀሰች፤ እህቶቿም አብረዋት አለቀሱ።

ይህ ነገር በሁሉም ላይ አይደርስም፤ የሚደርስበት ሰው ግን ጥቂት አይደለም። ደግሞ መደንዘዙ ከበሽታው ቅሪትም ሊመጣ ይችላል፤ ድብርት ራሱ ሰውን ያደነዝዛልና። ከየትኛው እንደሆነ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ መናገር ነው፦ «የልጅ ሳቅ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን ምንም አይለኝም» ብሎ እንዲህ በግልጽ። «ደህና ነኝ» ብቻ ካልሽው ካርድሽ ላይ የሚጽፈው ደህና መሆንሽን ነው።

ከዚሁ ጋር «ይህ ደህና የሆንኩት እኔ ነኝ ወይስ ክኒኑ?» የሚል ሐሳብ ሌሊት ሌሊት ይመጣል። ብዙ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ጎድሎ፣ ክኒኑ እየሞላለት እንደሆነ ተነግሮታል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ በነርቮች መካከል ያለው ሴሮቶኒን ቶሎ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ድብርት የሚመጣው ሴሮቶኒን በመጉደሉ ነው የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ራስሽን እንደ ጎደሎ አትቁጠሪ። ክኒኑ ከአልጋ እንድትነሺ ረድቶሽ ይሆናል፤ ሥራ ፈልገሽ የገባሽው፣ ከእናትሽ ጋር የታረቅሽው፣ በየጠዋቱ በእግርሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።

ስለ መኝታ ቤት ደግሞ ነውር ነው ብዬ አላልፈውም። አንቺም አትለፊው፤ ቀለበት አስረሻል። እነዚህ መድኃኒቶች ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ ርካታን ያዘገያሉ፣ አንዳንዴም ጨርሰው ይከለክላሉ። በወንድም በሴትም ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም ይደርሳል። ሐኪሙ አይጠይቅም፣ ታማሚው አይናገርም፤ ትዳሩ ግን ይሰማዋል። ባል «ሌላ ወዳ ነው» ይላል፤ ሚስት «አስጠልቼው ነው» ትላለች። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»፤ አንድ ቀን ጠጥቶ ሲገባ ያ የታፈነው ሁሉ በጎረቤት ፊት ይፈነዳል። ሁለቱም ግን የተጣሉት ከአንድ የጎንዮሽ ጉዳት ጋር ነበር። መፍትሔው ደግሞ ብዙ ነው፤ መጠን መቀነስ አለ፣ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር አለ፣ የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከልም አለ። በአንዳንድ ሰው ላይ ካቆመም በኋላ ችግሩ ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ መናገሩ ይበጃል። ለእጮኛሽ ከሠርግ በፊት ንገሪው። ሰምቶ የሚሸሽ ከሆነ ከሠርግ በፊት ቢሸሽ ይሻላል።

ልጅ ስታስቢም ደንግጠሽ ክኒኑን እንዳትጥዪ። ብዙ ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን ባወቁ ዕለት ያቆማሉ፤ ድብርቱም በእርግዝናው መካከል ይመለስባቸዋል። ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ፤ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሻል ያኔ ተረጋግቶ ይወሰናል።

አክስትሽ ዘነበች የምትወስደው አሚትሪፕቲሊን የድሮው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ አለ። ርካሽ ስለሆነ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው እሱ ነው። ማታ ይወሰዳል፤ ያስተኛል፤ አፍ ያደርቃል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሱ ራስ ያዞራል። ለሆድ ድርቀቱ ተልባና ጎመን፣ በዛ ያለ ውሃም ይረዳል። የአፉን መድረቅ ግን በከረሜላ እንዳታስታግሺው ብለሽ ንገሪያት፤ ምራቅ ያነሰው አፍ ጥርሱ ቶሎ ይበላሻል። ክብደትም ይጨምራል፤ እኛ አገር ደግሞ የወፈረ ሰው «ተመችቶሻል» ይባላል እንጂ መድኃኒቱን የሚጠረጥር የለም። ሽንት የሚያስቸግራቸው አዛውንቶች፣ የልብ ሕመም ያለባቸውና የዓይን ግፊት ያለባቸው ሰዎች ይህን መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪሙ መናገር አለባቸው።

ያንቺው ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ጠባዩ ይለወጣል። ለራስ ምታትና ለወገብ ብለን ከፋርማሲ የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አብረውት ሲወሰዱ የጨጓራ መድማት ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ትራማዶልን ከእርሱ ጋር መቀላቀል ከዚህም ይከፋል፤ ሰውነት እስኪንቀጠቀጥ፣ ትኩሳትና መወራጨት እስኪመጣ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ፋርማሲ ስትገቢ «ፍሉኦክሴቲን እወስዳለሁ» በይ፤ ሰልፈኛው ቢሰማም ይስማ። ጫትን በተመለከተ የማውቀው፣ ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣው ድብርት ከበሽታው ጋር እየተደባለቀ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን እንኳ እንዳያስለይ ማድረጉን ነው። አረቄና ጠላም ከአሚትሪፕቲሊን ጋር እንቅልፉን ያከብዱታል።

ሰው መድኃኒቱን በድንገት የሚያቆምበት ሌላው ቦታ ፀበል ነው። እኔ አማኝ ነኝ፤ ፀበል እጠመቃለሁ፤ ማንንም ከፀበል አልከለክልም። ግን በየፀበል ቦታው «ክኒኑን ጥለሽ ግቢ» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ስትሰሚ አንድ ነገር አስታውሺ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣበት ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ፀበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ክብር የሚናገር መሆኑን የነፍስ አባትሽ ያውቁታል፤ ጠይቂያቸው። ክኒኑን በባዶ ሆድ መዋጥ ካቅለሸለሸሽ በጾም ወቅት ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አማክሪ። ሙስሊም ጓደኛሽም በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሁር ልትወስደው ትችላለች፤ ለዚህ ብላ ወሩን ሙሉ ማቋረጥ የለባትም።

እንግዲህ ስለ ማቆም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ተረቱ ቃል በቃል ሕክምና ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተለመደው አነስተኛ መጠን ብቻውን መድኃኒቱ ከሚይዛቸው ቦታዎች 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከላይ ሲቀንሱ ብዙም አይሰማም፤ ከታች፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ትንሿ መጠን ስትነሳ ነው ሰውነት የሚደነግጠው። ሰው «ግማሽ ሲሆን ምንም አላለኝም» ብሎ የቀረውን በአንዴ ይጥላል፤ ከዚያም ይወድቃል። ወደ መጨረሻው በተጠጋሽ ቁጥር ቅነሳው እያነሰ፣ ጊዜውም እየረዘመ መሄድ አለበት። ለዓመታት የወሰደ ሰው ወራት ቢፈጅበት አይደነቅ።

ፍሉኦክሴቲን በዚህ በኩል ከሌሎቹ የድብርት መድኃኒቶች ይሻላል። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ ራሱን በራሱ ቀስ ብሎ ይቀንሳል። ካፕሱሉ አይከፈልምና ሐኪሞች ቀን ዘለል እያደረጉ ሊያስወስዱሽ ይችላሉ። ሰርትራሊን ክኒን ስለሆነ ይከፈላል። ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን ግን ቶሎ ስለሚወጡ ቀን መዝለል አይሆንላቸውም፤ አንድ ቀን ቢረሱ እንኳ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ። የጓደኛሽ ሐኪም ለእሷ ያዘዘላትን መንገድ ወስደሽ በራስሽ ላይ አትሞክሪ።

ሲቀንሱ የሚመጣውን አውቀሽ ጠብቂው፤ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቁልጭ ያለ ሕልም፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ ዓይነት ስሜት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር፣ ከማቆሙ የተነሳ ይህ የሚደርስባቸው ከስድስት ሰባት ሰው አንዱ ገደማ እንደሆኑ፣ በጣም የሚጠናባቸው ደግሞ ከ35 ሰው አንዱ ገደማ እንደሆኑ ይናገራል። ብዙው ሰው በደህና ያልፈዋል ማለት ነው። ያ አንዱ ሰው አንቺ ከሆንሽ ግን የሌሎቹ ደህንነት አያጽናናሽም፤ ስለዚህ ወደ ነበርሽበት መጠን ተመልሰሽ፣ አርፈሽ፣ ይበልጥ በዝግታ መሞከር ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ነው። መድኃኒት በመቀነሱ የመጣውን «በሽታዬ ተመለሰ» ብለው ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ የሚሉ አሉ፤ በሽታው ሲመለስ ደግሞ «የመድኃኒቱ ሱስ ነው» ብለው ራሳቸውን የሚያታልሉ አሉ። ለመለየት እንዲህ እይው። ከመቀነስ የሚመጣው በቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ በፍሉኦክሴቲን ሳምንታት ሊዘገይ ይችላል። ድሮ በበሽታው ያልነበረብሽን ማዞርና መንዘር ያመጣል፤ መጠኑ ሲመለስም ቶሎ ይለቅቃል። በሽታው ግን እየሾለከ በሳምንታትና በወራት ይመጣል፤ የድሮ መልኩንም ይዞ ይመጣል። አንቺ ከሁለቱም ውድቀትሽ በፊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየነቃሽ እንቅልፍ እምቢ ይልሽ እንደነበር፣ ጸጉርሽን መሠራት ትተሽ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያንን ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ያንቺ ምልክት እሱ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዳይሆንብሽ። አንዴ የወደቀ ሰው የተራ ቀን ሐዘንን ሁሉ ይፈራል። ሰው ሲሞት ማዘን፣ ሥራ ሲበላሽ መናደድ፣ ክረምቱ ሲረዝም መከፋት ጤና ነው። ቀኑ ሲያልፍ የሚያልፍ ከሆነ ተዪው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀሽ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ።

የምታቆሚበትን ወቅት ምረጪ። በሠርግ ዝግጅት መካከል፣ ቤት ስትቀይሪ ወይም አዲስ ሥራ ስትጀምሪ አይሁን። አንድ የሚያውቅሽ ሰው ይወቅ፤ እጮኛሽ ወይም እናትሽ። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ በምትኖሪበት ካገኘሽ ከመቀነስሽ በፊት ጀምሪ፤ ከድብርት መመለስ የሚጠብቅ ነገር ክኒን ብቻ አይደለም። በእግር መሄዱን፣ ማኅበሩንና ዕድሩን አታቋርጪ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ወቅት ነው።

አሁን ጠንከር ያለውን ልበል። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች መድኃኒቱን ሲጀምሩ ወይም መጠኑ ሲቀየር ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምርባቸው ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ለልጆችና ለታዳጊዎች፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ለዚህ ነው። ታናሽ ወንድምሽ ከታዘዘለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻውን አትተዉት፤ ክኒኑንም ሌላ ሰው ይያዝለት፣ ብዙ እሽግ ቤት ውስጥ አይከማች። እንዲህ ያለ ሐሳብ በማንም ላይ፣ በየትኛውም ዕድሜ ቢመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ደግሞ መድኃኒት የጀመረ ሰው እንቅልፍ ሳይተኛ ካልደከመው፣ ያለ መጠን ከተናገረ፣ ገንዘብ ከበተነ፣ «በጣም ተሻለው» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ሌላ ዓይነት ሕመም ተደብቆ ኖሮ መድኃኒቱ ቀስቅሶት ሊሆን ይችላልና ፈጥናችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽም አንብቢላት፤ ለእሷም የምለው አለኝ። እህቴ፣ ልጅሽ በተቆጣች ቁጥር «ክኒንሽን ወስደሻል?» አትበያት። እንዲህ ሲባሉ የኖሩ ሰዎች በደል ሲደርስባቸው እንኳ መናደድ እንደተከለከሉ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ቁጣዋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የምትለውን ስሚ። «ጠንከር በይ» የሚለውም ይቅር፤ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሁለት ጊዜ የተነሳች ልጅ ናት። ዘመድ ሲጠይቅሽ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ የእሷን ሣጥን ውስጥ አትቆልፊ።

ወደ ቀጠሮሽ ከመሄድሽ በፊት፣ ልጄ፣ አንድ ወረቀት ላይ የተሻለሽ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የጎደለብሽን ነገር፣ የመኝታውንም ሳይቀር፣ ሌላ የምትወስጂውን ማስታገሻ ሁሉ ጻፊ፤ መቼ መቀነስ እንደምትፈልጊም ጨምሪበት። ስትገቢ ወረቀቱን ለሐኪሙ ስጪው፤ አፍ ሲያፍር ወረቀት አያፍርም። ወደ ውጭ ለመውጣት ካሰብሽ የሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ አስጽፊ፤ አንዳንድ የገልፍ አገሮች መድኃኒት ይዞ ለሚገባ ሰው ይጠይቃሉ። አገር ውስጥም ቢሆን መድኃኒቱ ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ አለና የመጨረሻዋ እሽግ ላይ ሳትደርሺ ፈልጊ። ፋብሪካው ተቀይሮ የካፕሱሉ ቀለም ቢለወጥ ማሸጊያው ላይ ስሙንና ሚሊግራሙን አይተሽ አንድ ከሆነ ውሰጂው። ቀጠሮሽ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ደግሞ ያለሽ ካፕሱል እስከዚያ እንደሚበቃሽ ዛሬውኑ ቁጠሪና ደውዪልኝ።